ለዳሱ የትኛው ሌንስ፣ ለገደሉስ?

ካሜራ ሊገዛ የተነሣ ሰው ሱቅ ገብቶ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ይሄ ስንት ድረስ ያቀርባል?» ብሎ ነው። ሻጩም ረጅሙን ሌንስ ይገጥምለትና ከመንገዱ ማዶ የቆመውን ሰው ከነሽፋሽፍቱ ያሳየዋል። የገዢው ልብ እዚያው ላይ ይሄዳል። ሳምንት ሳይሞላ የአክስቱን ልጅ ሰርግ እንዲያነሣ ይጠራል። ዳስ ውስጥ ገብቶ ሙሽራውን ሲያስገባ ሙሽሪት ትወጣበታለች፤ ሁለቱን ሲያስገባ ሚዜዎቹ ይቀራሉ። ወደ ኋላ እንዳይሸሽ ደግሞ ግድግዳው ይዞታል።

ሌንስ ሲመረጥ መቅደም ያለበት ጥያቄ ሌላ ነው፦ የማነሣው ነገር ምን ያህል ያስጠጋኛል? በወግዲና በመካነ ሰላም ዙሪያ ለሚሠራ ጀማሪ ይህ ጥያቄ ቀላል አይደለም፤ አገሩ ሁለቱንም ጫፍ ይዟልና። ባንድ በኩል ሰርጉ፣ ማኅበሩ፣ ገበያው፣ ጥምቀቱና መውሊዱ አለ፤ እዚያ ሰው እጅ ለእጅ በሚጨባበጥበት ርቀት ላይ ነው። በሌላ በኩል ምድሩ ወደ ዓባይ ሸለቆ ተቆርሶ ጎጃምን ከማዶ ያሳያል። ከመካነ ሰላም ብዙም ሳይርቅ ደግሞ የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ አለ፤ የጥንቱን የደንቆሮ ጫካ ያቀፈው፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚኖሩበት ደጋ። ለሰርጉ የሚሆነው ሌንስ ለቀበሮው አይሆንም፤ ለቀበሮው የሚሆነውም ለሰርጉ።

ጀማሪው ፊት የሚቀርቡት ሁለት ዓይነት ዙሞች ናቸው። አንደኛው መደበኛው ነው፤ ብዙ ጊዜ ከካሜራው ጋር አብሮ የሚሸጠው፣ አንገቱ ላይ 18-55 የሚል ጽሑፍ ያለበት። ሁለተኛው ቴሌፎቶ የሚባለው ረጅሙ ነው፤ 55-250፣ 55-200 ወይም 70-300 ይላል። ቁጥሮቹ ሚሊ ሜትር ናቸው፤ የሚነግሩን ግን የሌንሱን ቁመት አይደለም። ሌንሱ የሩቅ ነገርን አጥርቶ ሲያሳይ፣ ብርሃኑ ከሚሰበሰብበት ነጥብ ምስሉን እስከሚቀበለው ሴንሰር ድረስ ያለውን ርቀት ነው። ይህ በቃል ሲነገር ጭንቅላት ውስጥ አይገባም፤ ጠረጴዛ ላይ ሲሠሩት ግን ወዲያው ይገባል።

ከወፍራም ካርቶን ላይ ወርዱ 22፣ ቁመቱ 15 ሚሊ ሜትር የሆነ መስኮት በምላጭ ይቁረጡ። በአብዛኞቹ የካኖን ጀማሪ ካሜራዎች ውስጥ ያለው ሴንሰር ስፋቱ ይህን ያህል ነው፤ የኒኮንና የሶኒ አቻዎቹ ወርዳቸው በአንድ ሚሊ ሜትር ያህል ይበልጣል። አሁን ፊት ለፊትዎ ጀበና ያስቀምጡና አንድ ዓይንዎን ይጨፍኑ፣ በልጆች ማስመሪያ እየለኩ መስኮቱን ከዓይንዎ አምስት ሳንቲ ሜትር ተኩል ላይ ያድርጉት። በመስኮቱ የሚገባው ዕይታ በ55 ሚሊ ሜትር ሌንስ ከሚያዩት ጋር እኩል ነው። ቀስ ብለው እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ያርቁት። አሁን ያሉት በ250 ላይ ነው፤ ክፍሉን ያይ የነበረው መስኮት የጀበናዋን አንገት ብቻ ይዞ ቀረ። የ18ቱን ዕይታ ለማየት ካርቶኑን ሽፋሽፍትዎ እስኪነካ ድረስ ማስጠጋት አለብዎት፤ ያኔ ግድግዳው ከዳር እስከ ዳር ይገባል።

መስኮቱ አልጠበበም፤ ራቀ እንጂ። ጀበናዋም ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም። ረጅም ሌንስ የሚሠራው ይህንኑ ነው፦ ከፊት ያለውን ዓለም ቆርጦ ትንሿን ቁራጭ ብቻ ያስገባል፣ ያቺን ቁራጭ በሴንሰሩ ሙሉ ስፋት ላይ ይዘረጋታል። በዲግሪ ሲለካ 18ቱ ወደ ጎን 63 ዲግሪ ያህል ያያል፤ 55ቱ 23፤ 250ው አምስት ብቻ። ዙም ማለት ያንን ካርቶን በቀለበት እየጠመዘዙ ማስጠጋትና ማራቅ ነው። ይህ ምቾት ለፎቶ ካሜራ የመጣው ዘግይቶ ነው። የቴሌፎቶ ሌንስ አሠራር በአውሮፓ እ.ኤ.አ. በ1891 ታውቆ ነበር፤ ለ35 ሚሊ ሜትር ፎቶ ካሜራ የሚሆን ዙም ግን ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው፤ የጀርመኑ ፎክትሌንደር ያወጣው ከ36 እስከ 82 የሚደርስ ዙማር የሚባል ሌንስ ነበር። በአፄ ምኒልክ ዘመን የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ የነበረው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የሚዞር ቀለበት አልነበረውም። ዕይታውን ማጥበብ ሲፈልግ የሚራመደው ራሱ ነበር፤ ወይም ሌላ ሌንስ ይገጥማል።

ወደ ዳሱ እንመለስ። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ በሜትር የቆሙበትን ርቀት በ22 ያባዙ፣ ለሌንሱ ቁጥር ያካፍሉ፤ የሚገባው ወርድ በሜትር ይወጣል። ከሙሽሮቹ አራት ሜትር ርቀው ቢቆሙ በ18 ላይ አምስት ሜትር ያህል ይገባል፤ ሙሽሮቹ፣ ሚዜዎቹ፣ ወላጆች ሁሉ። በ55 ላይ አንድ ሜትር ከ60 ይገባል፤ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ። 70-300 የገዛው ሰው ደግሞ የሌንሱ ሰፊ ጫፍ እንኳ አንድ ሜትር ከሩብ ብቻ ነው የሚሰጠው። ስለዚህ በዳስ ውስጥ ረጅሙ ሌንስ ጥራቱ ቢያንስ ቢበዛ ለውጥ የለውም፤ የሚቆምበት ቦታ የለም። ሰርግ ለመሥራት ያሰበ ጀማሪ በመጀመሪያ ገንዘቡ 18-55 ይግዛ የምለው ለዚህ ነው፤ በዚህ ላይ አላመነታም።

18ቱም የራሱ ጠባይ አለው። በጣም ሰፊ ዕይታ ዳር ላይ ያለውን ነገር ይለጥጣል። በቡድን ፎቶ ጠርዝ ላይ የቆመ ሰው ፊቱ ወደ ጎን ይሰፋል፤ እናትየዋን እዚያ አያቁሟቸው። ቦታ ካለ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ይበሉና ቀለበቱን ወደ 24 ወይም 28 ያምጡት። አንድን ሰው ብቻ ሲያነሡ ደግሞ በ18 ላይ አድርገው ግማሽ ሜትር ድረስ አይጠጉ፤ አፍንጫ ይገዝፋል፣ ጆሮ ወደ ኋላ ይሸሻል። ብዙ ሰው ይህን የሌንሱ ጥፋት ያደርገዋል። ጥፋቱ የርቀቱ ነው፤ አፍንጫው ከጆሮው ይልቅ በብዙ ለካሜራው ቀርቧል። ሁለት ሜትር ያህል ርቀው፣ ቀለበቱን 55 ላይ አድርገው ያንሡ፤ የእናትየዋ ፊት ሰው የሚያውቀው ፊት ሆኖ ይወጣል።

ብርሃንን ሳናነሣ ሌንስ መረጥን ማለት አይቻልም። ከሚሊ ሜትሩ ጎን ኤፍ 3.5-5.6 የሚል ሌላ ቁጥር አለ። ይህ የብርሃን መግቢያው ቀዳዳ ምን ያህል እንደሚከፈት ይነግራል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። በ18 ላይ 3.5 የነበረው በ55 ላይ 5.6 ይሆናል፤ ቀለበቱን ስላዞሩ ብቻ የሚገባው ብርሃን ከግማሽ በታች ይወርዳል ማለት ነው። ረጅሙም ዙም ቢሆን በጫፉ ብዙውን ጊዜ 5.6 ነው። ጥር ላይ፣ ቀን በጠራ ሰማይ፣ ይህ ምንም አይደለም። ሌሊት ማሕሌት በጧፍ ብርሃን ሲቆም ግን ሁለቱም ዙሞች እጅ ይሰጣሉ። እዚያ ፍላሽ ማብራት ደግሞ ጸሎት የቆመን ሰው ዓይን መውጋት ነው። ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ዙም የሌለው 50 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 1.8 የሆነ ትንሽ ሌንስ አለ። ርካሽ ነው፣ ኪስ ይገባል፤ ከ18-55 ጋር በ50 አካባቢ ሲነጻጸር ወደ አሥር እጥፍ ብርሃን ያስገባል። ሥራው የሚበዛው ቤት ውስጥና ማታ ለሆነ ሰው ሁለተኛው ሌንስ ከቴሌፎቶው በፊት ይሄ ቢሆን እመርጣለሁ።

ረጅሙ ሌንስ ላይ ሌላም ዕዳ አለ፤ የእጅ መንቀጥቀጥ። ዕይታው ጠባብ ስለሆነ ትንሿ መነቃነቅ ከምስሉ ትልቅ ድርሻ ታናውጣለች። በ18 ላይ የማይታይ መንቀጥቀጥ በ250 ላይ 14 እጥፍ ገዝፎ ይታያል። ድሮ የተለመደው ልክ ይህን ይመስላል፦ የሻተሩ፣ ማለትም ብርሃን አስገብቶ የሚዘጋው መጋረጃ፣ ፍጥነት ከሌንሱ ቁጥር እንዳያንስ፤ በእነዚህ ትናንሽ ሴንሰሮች ላይ ደግሞ በ1.6 አባዝተው። ስለዚህ ለ250 አንድ አራት መቶኛ ሰከንድ፣ ለ18 አንድ ሠላሳኛ። መንቀጥቀጥ የሚቀንስ መሣሪያ ያለው ሌንስ ይህን ልክ ያላላዋል፤ ካኖን አይ-ኤስ፣ ኒኮን ቪ-አር፣ ሶኒ ኦ-ኤስ-ኤስ ብለው ይጽፉበታል። መሣሪያው የሚያረጋው ግን የእርስዎን እጅ ነው፤ የሚሮጠውን እንስሳ አያቆመውም። ለሚሮጥ እንስሳ ሻተሩ ራሱ መፍጠን አለበት።

እንግዲህ ወደ ደጋው እንውጣ። ጭላዳ ሌሊቱን ገደል ላይ ያድራል፤ ጧት ፀሐይ ሲሞቅ መንጋው ወደ ሜዳው ይወጣና ተቀምጦ ሣር ይነጫል። የወንዱ ጎፈር፣ ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ቆዳ፣ ከጎን በሚመጣው የጧት ብርሃን ከምንም በላይ ያምራል። በስሜን ተራሮች ሰው የለመዱ መንጋዎች አጠገብ 18-55 ሳይቀር ይበቃል። ከማሳ እየተባረረ ሰውን የፈራ መንጋ ግን ሃያ ሜትር ላይ ቢያስጠጋ ጥሩ ነው። በሃያ ሜትር 55ቱ የስምንት ሜትር ሜዳ ያሳያል፤ ጭላዳው መሐል ላይ ያለ ቡኒ ነጥብ ነው። 250ው አንድ ሜትር ከ75 ያህል ያሳያል፤ የተቀመጠው ወንድ ከነጎፈሩ ከነእስትንፋሱ ጎልቶ ይታያል።

ቀይ ቀበሮው ይብሳል። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የለም፤ በአገሪቱ የቀሩት በሙሉ አምስት መቶ ገደማ ብቻ ናቸው። ርዝመቱ ከራሱ እስከ ጭራው መነሻ አንድ ሜትር ያህል ነው። ሃምሳ ሜትር ላይ ቢያገኙት በ55 የሚገባው ወርድ ሃያ ሜትር ነውና ቀበሮው ከምስሉ አንድ ሃያኛውን ይይዛል። በ250 ሩቡን ያህል ይይዛል፤ ጓሳው፣ ጅብራው፣ ከኋላው ያለው ጭጋግ ቀሪውን ይሞላሉ። እኔ እንዲያውም ይህን ምስል ፊቱ ብቻ ከሞላው ፎቶ አብልጬ እወደዋለሁ፤ እንስሳው የሚኖርበትን ያሳያልና። ሩብ አነሰኝ ብሎ ወደ ፊት መራመድ ግን የለም። ይህ እንስሳ የሚኖረው አይጥ እያደነ ነው፤ ጉድጓድ አጠገብ ጆሮውን ቀስሮ ሲቆም አንድ ሰው ቢንቀሳቀስ ምሳው አመለጠ ማለት ነው። የፓርኩን ስካውት ይዘው ይሂዱ፣ እሱ «እዚህ እንቀመጥ» ያለበት ቦታ ይቀመጡ፣ ክርንዎን ጉልበትዎ ላይ ያስደግፉ፣ ይጠብቁ። ቴሌፎቶ ለዚህ ነው የተፈጠረው፦ መራመድ ለማይቻልበት ወይም ለማይገባበት ርቀት።

ስለ ዓባይ ሸለቆ ብዙ ሰው ተቃራኒውን ያስባል። ገደሉ ሰፊ ነውና ሰፊው ሌንስ ይገባዋል ብሎ 18 ላይ ያነሣና ቤቱ ሲደርስ ያ ሁሉ ግዝፈት የት እንደገባ ይጠፋዋል። በሰፊ ዕይታ ከእግር ሥር ያለው ድንጋይ ይተልቃል፣ ማዶው ግን ቀጭን መስመር ይሆናል። 18ቱን ለሸለቆ ሲጠቀሙ ፊት ለፊት የሚቆም ነገር ይፈልጉ፤ አንድ ዛፍ፣ የእርከን ካብ፣ ጋቢውን ተከናንቦ የተቀመጠ እረኛ። እሱ ከሌለ ረጅሙን ይግጠሙና ከሸለቆው አንዱን ቁራጭ ብቻ ይምረጡ፦ ተደራርበው የሚታዩትን ሸንተረሮች፣ ቁልቁል የሚጠመዘዘውን የእግር መንገድ፣ በገደል ወገብ ላይ ያለችውን ማሳ። ሩቅ ያሉ ሸንተረሮች በረጅም ሌንስ ውስጥ የተጠጋጉ የሚመስሉት ሁሉም ከእርስዎ እኩል በሚባል ደረጃ ስለራቁ ነው። ከዚያው ቦታ በ18 ቢያነሡና መሐሉን ቢቆርጡትም አደራደራቸው ያው ነው።

ሌንስ የማይረዳዎት ነገር አየሩ ነው። በበጋ አቧራና ጭስ ሸለቆውን ሲሞላው ረጅሙ ሌንስ አቧራውንም አብሮ ያጎላዋል። ቀትር ላይ ከቆላው የሚነሣው ሙቀት ማዶውን ያርገበግበዋል፤ ያኔ የሚወጣው የደበዘዘ ምስል የሌንሱም የእጅዎም ጥፋት አይደለም። ክረምቱ አየሩን አጥቦት ሲወጣ፣ መስከረም ላይ፣ በማለዳ ያንሡ።

ስለ ሰውም አንድ ነገር ልበል። ቴሌፎቶ ያገኘ ጀማሪ ገበያ ዳር ቆሞ ሰውን ሳያስፈቅድ ከሩቅ መሰብሰብ ይቀናዋል። አይገባም። ውኃ የቀዳች ሴት ወይም በርበሬ የምትሰፍር እናት የሚያነሣትን ሰው የማየት መብት አላት። በ18-55 ማንሣት የግድ ያስጠጋል፤ መጠጋት ሰላምታ ያመጣል፤ ከሰላምታ በኋላ የሚወጣው ፊት ደግሞ ሌላ ነው። ታቦት ወጥቶ ሕዝቡ ሲያጅብ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ካህናቱ መሐል እየተጋፉ ከመግባት ከፍ ካለ ቦታ ቆሞ በረጅሙ ማንሣት ጨዋነትም ጥሩ ፎቶም ነው።

«ቆርጬ ባጎላውስ?» የሚል አለ። 24 ሜጋ ፒክስል ካሜራ ላይ በ55 ያነሡትን ፎቶ የ250ን ዕይታ እስኪያክል ቢቆርጡት በእጅዎ የሚቀረው ከአንድ ሜጋ ፒክስል ብዙም አይበልጥም። ለስልክ መስተዋት ያልፋል፤ ታትሞ ግድግዳ ላይ አይሰቀልም። ሁለተኛ ሌንስ የሌለው ስልክ ላይ በሁለት ጣት እየሳቡ የሚያጎሉትም ይኸው መቁረጥ ነው።

ታዲያ ሁለተኛው ሌንስ መቼ ይገዛ? ካሜራዎ እያንዳንዱን ፎቶ በስንት ሚሊ ሜትር እንዳነሡት በፋይሉ ውስጥ ይጽፋል፤ በኮምፒውተር የፎቶውን ዝርዝር ሲከፍቱ ያገኙታል። ጥቂት ወራት ከሠሩ በኋላ የሚወዷቸውን ፎቶዎች ይክፈቱና ቁጥሩን ይዩ። አብዛኞቹ 18 እና 24 ላይ ከሆኑ ረጅም ሌንስ መሳቢያ ውስጥ ያድራል። አብዛኞቹ 55 ላይ ተነሥተው ከዚያም ከተቆረጡ፣ ያኔ ቴሌፎቶው ጊዜው ደርሷል። ሁለት ሌንስ ይዞ መዞር ለማይመቸው 18-135 የሚል መካከለኛ አለ። ለዳሱም ይበቃል፣ ለታቦቱም ይደርሳል፣ ነፋስና አቧራ ባለበት ሜዳ ላይ ሌንስ ከመቀያየርም ያድናል፤ ለቀበሮው ግን ያጥራል።

ያገለገለ ሲገዙ ሁለት ወጥመዶችን ይጠንቀቁ። የካኖን 75-300 በቁጥሩ ከ55-250 ይበልጣል፣ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ይቀንሳል፤ ነገር ግን በገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው መንቀጥቀጥ የሚቀንስ መሣሪያ የለውም። እኔ የ50 ሚሊ ሜትሩን ብልጫ ትቼ 55-250ውን አይ-ኤስ ያለውን እወስዳለሁ። በኒኮን በኩል ዲ3000 እና ዲ5000 ከሚባሉት የጀማሪ ዘሮች አንዱን ከያዙ፣ አሮጌው ኤ-ኤፍ 70-300 ይገጠማል፣ ፎከስ ግን በራሱ አያደርግም፤ ሌንሱም ካሜራውም ሞተር የላቸውምና። ኤ-ኤፍ-ኤስ ወይም ኤ-ኤፍ-ፒ የሚል ጽሑፍ ይፈልጉ፤ ኤ-ኤፍ-ፒው ግን በጣም ለቆዩት ካሜራዎች አይሠራም፣ በራስዎ ካሜራ ላይ ሳይሞክሩ አይክፈሉ።

ገንዘብ ሳይቆጥሩ ሌንሱን ወደ መስኮት አዙረው ከኋላ በኩል ይዩበት። ቀጫጭን ነጭ ክሮች መስተዋቱ ውስጥ ከተዘረጉ ሻጋታ ነው፤ ይተዉት። ከዚያ ረጅሙ ጫፍ ላይ አድርገው፣ ቀዳዳውን እስከ መጨረሻው ከፍተው፣ ጽሑፍ የሞላበት ሰሌዳ ፊት ለፊት ቀጥ ብለው ያንሡና አራቱንም ጥግ አጉልተው ያንብቡ። ሁሉም ጥግ በመጠኑ ቢደበዝዝ የዚህ ዋጋ ሌንስ ጠባዩ ነው። አንዱ ጥግ ብቻ ከሌሎቹ ተለይቶ ከደበዘዘ ግን ውስጡ ያለ መስተዋት ከቦታው ተዛንፏል፤ ምናልባትም ወድቆ ያውቃል። ሻጩን ሌላ እንዲያሳይዎት ይጠይቁት።